የማኅተሙ ስንጥቅ

ማኅተም ቀራጺው በቀለም ነካሪዎች መንገድ ቁልቁል ይሮጣል፤ ሚስቱ መከናነቢያዋ ትከሻዋ ላይ ወድቆ ከኋላው ትከተላለች። ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ የገንዳዎቹን ቀለም አጥቦ መንገዱን ሰማያዊና ቀይ አድርጎታል። ነካሪዎቹ እንደ ወትሮው ጨርቅ ሲጠመዝዙ አይታዩም፤ በየደጃፉ ሁለት ሦስት ሆነው ቆመው ይንሾካሾካሉ። ወሬው አንድ ነው። ሼሁን ወስደዋቸዋል።

«ቁም! ቁም እኮ ነው የምልህ፣ አንተ ሰው!»

አልቆመም። በመታጠቂያው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለች፣ ከተምር ፍሬ የማትበልጥ ጥቁር ድንጋይ አለች፤ በተራመደ ቁጥር ጎኑን ትወጋዋለች። ሰባት ዓመት ሙሉ በሥራ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ፣ ከአንድ የላላ ጡብ ጀርባ የኖረች ናት። ዛሬ ጠዋት ጡቡን ነቅሎ ሲያወጣት ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ምን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ እንዲሠራት እግሩ ላይ ወድቃ የለመነችው እሷ ነበረችና።

ከውሃ ጉድጓዱ ጋ ደረሰችበትና እጅጌውን ጨምድዳ ያዘችው።

«እጅህን ይቆርጡታል» አለችው ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ማኅተም ያስመሰለ ቀኝ እጁ ይቆረጣል ተብሎ ገበያ መሃል ተለፍፏል። ሰምተሃል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ በግራህ ልትቀርጽ ነው?»

«ሼሁ ከሰዓት በኋላ እስከሚሰገደው የአሱር ሶላት ካልተናገሩ መቶ ጅራፍ ተፈርዶባቸዋል። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። መቶ ጅራፍ አሉት እንጂ ሞት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከነቢዩ ቤተሰብ የሆኑ ሰዎች በሩቅ አገር ሸፍተዋል ተባለና፣ ሸሪፍ የሚባለው፣ ከረሱል ዘር የሆነ ሁሉ በሰንሰለት ታስሮ ወደ ዋናው ከተማ እንዲላክ ትእዛዝ መጣ። ሥልጣን ጥላውን መፍራት ሲጀምር የሚያደርገው አያጣም። የከተማዋ ሸሪፎች ነገሩን ቀድመው ሰምተው በሳምንት ውስጥ ተበታተኑ። በመዝገብ ላይ ከሰፈሩት የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ በሼሁ ቤት ሰገነት ላይ ከሦስት ልጆቹ ጋር ሰባት ዓመት የኖረው ሰውዬ። ወታደሮቹ ዛሬ ንጋት ላይ፣ በሱብሂ ሶላት ሰዓት በሩን ሰብረው ሲገቡ ሰገነቱ ባዶ ነበር። ሼሁ አልዋሹም። «እኔ ነኝ የሸኘሁት፤ የሄደበትንም አውቃለሁ፤ ግን አልናገርም» አሉ። እሳቸውን ይዘው ሄዱ።

ያ ሰውዬ ግን ሸሪፍ አልነበረም። ጡብ ሠሪ ነበር፤ የቀራጺው ሚስት ታናሽ ወንድም።

በድርቁ ዓመት ሚስቱን ቀብሮ፣ አንዱን ልጅ አዝሎ ሁለቱን ጎትቶ እህቱ ቤት ደረሰ። እህቱም ቤት ቢሆን ከምድጃው አመድ በቀር የተረፈ አልነበረም። በከተማው ዱቄት የሚገኘው በሼሁ ቤት ብቻ ነው። ሼሁ ማንንም አይመልሱም፤ ግን የነቢዩ ቤተሰብ የሆነ ሰው እሳቸው ባሉበት ከተማ ጾሙን እንዳያድር ለራሳቸው ቃል የገቡ ናቸው። ስለዚህ ሸሪፍ ቀድሞ ይገባል፤ ሌላው ይሰለፋል፤ ሰልፉ ሳያልቅ ዱቄቱ ያልቃል። ትንሹ ልጅ ማልቀስ እንኳ ያቃተው ዕለት እህትየው «ወረቀት ሥራለት» ብላ ባሏ እግር ላይ ወደቀች።

ቀራጺው በዚያ ሰሞን ለእድሳት የመጣለት የአንድ ቤተሰብ የዘር ሐረግ ወረቀት እጁ ላይ ነበር። ከሥሩ የታተመው፣ የሸሪፎችን መዝገብ ይጠብቁ የነበሩት ትልቅ ሰው ማኅተም ነው፤ እኚህ ሰው ከሞቱ ዘመን ሆኗቸዋል። ቀራጺው ሦስት ቀን ለፋ። ድንጋይዋን በመብራት ጥላሸት እያጠቆረ፣ በወረቀት ላይ እየሞከረ፣ እየፋቀ፣ እንደገና እየሞከረ ቀረጻት። ፊደሉንና አበባውን ብቻ ሳይሆን፣ በታችኛው ጠርዝ ላይ ያለችውን ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ሳይቀር አስገባ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉ በላይ ያኮራችው ያቺ ስንጥቅ ነበረች። ከዚያ ለጡብ ሠሪው ቅድመ አያት የተሰጠ የሚመስል ወረቀት ጻፈ፤ የቆየ እንዲመስልም የስድሳ አምስት ዓመት ዕድሜ ሰጠው፤ አተመው።

ድንጋይዋን ያኔውኑ መስበር ነበረበት። አልቻለም፣ አሳሳችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ማኅተም ቀራጺ ቢጨመርበት አይከፋም።

ጡብ ሠሪው ወረቀቱን ይዞ ሲገባ ቀራጺው በሩ ላይ ሆኖ ያይ ነበር። ሼሁ ተቀብለው ወደ ብርሃን አስጠጉት። ቆይተው አዩት፤ አስጠግተው ደግመው አዩት። ከዚያ ሳሙትና ተነሥተው ቆሙ፤ የራሳቸውን ሰገነት ለቀው ለጡብ ሠሪውና ለልጆቹ ሰጡ፤ እሳቸው ከደረጃው ሥር ባለችው የዕቃ ማስቀመጫ መኖር ጀመሩ።

ከዚያ ወዲያ ጡብ ሠሪው በገባ በወጣ ቁጥር ይነሡለታል። ጉልበታቸው እሺ አልላቸው ሲል ግድግዳ ተደግፈው ይነሣሉ። ሲበላ በገዛ እጃቸው ውሃ ያፈሱለታል። ውሃ በጠጡ ቁጥር አስቀድመው፣ ተጠምቶ ለተገደለው ለነቢዩ የልጅ ልጅ ሰላምታ የሚልኩ፣ አንዳንዴም ዋንጫውን እንደያዙ ዕንባ ቀድሟቸው ሳይጠጡ የሚያስቀምጡ ሰው፣ ለአንድ ጡብ ሠሪ እንደዚያ ሲዋረዱ ማየት ቀራጺውን አንጀቱን ይበላው ነበር። ጡብ ሠሪውም አንድ ቀን ሐፍረቱ ቢብስበት «እባክዎ አባቴ፣ ለእኔ አይነሡ» አላቸው። ሼሁ ፈገግ ብለው «ለአንተ መቼ ተነሣሁ? ከኋላህ ለቆሙት ነው» አሉት። ተማሪዎቹ ሁሉ «ሸሪፍ» ሲሉት የቀራጺው አፍ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ እምቢ አለ። «አንተ» ይለዋል፤ ሰው ካለ ደግሞ «የልጆቹ አባት»።

አሁን ሚስቱ እጅጌውን እንደያዘች ቆማለች። ጎርፉ በእግሮቿ መካከል ያልፋል።

«ብትናገር ወንድሜን አያሳድዱትም፤ ሸሪፍ አይደለማ» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምታወራ። «ሼሁም ይድናሉ። የምትቆረጠው አንተ ብቻ ነህ። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት አሉ። እኔ ምን ልበል? የቱን ልበል?»

«ምንም አትበይ።»

ቀኝ እጁን ብድግ አድርጋ አየችው። አውራ ጣቱ በመቅረጫ ደንድኗል፤ በጥፍሮቹ ሥር ጥላሸት አለ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ታጥቦ አልለቀቀም። በመከናነቢያዋ ጫፍ ጠረገችለት፤ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት እንደምትልክ ዓይነት።

«ሂድ» አለችው። «ዘወር ብለህ ካየኸኝ ግን ሐሳቤን እለውጣለሁ።»

ሳይዞር ሄደ።

የቃዲው ችሎት ከወንዙ ዳር ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ብርሃን የሚያስገባው በወንዙ በኩል ያለ አንድ የብረት ፍርግርግ መስኮት ብቻ። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ሰው ለመደማመጥ ድምፁን ከፍ ማድረግ ነበረበት። ቃዲው በልጅነቱ ከሼሁ እግር ሥር ተቀምጦ ቁርአን የቀራ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፤ በዚያ ዘመን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለተገራፊው ብዙም አይታወቀውም። ሼሁ እጃቸው ከፊት ታስሮ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ዘበኛ አዝኖ ውሃ አቀበላቸው። በታሰሩ እጆቻቸው ዋንጫውን ይዘው ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ያቺኑ ሰላምታ ላኩ፤ ከዚያ ትንሽ ተጎነጩ።

ቀራጺው ዘበኞቹን ገፍቶ ገባና ድንጋይዋን ከቃዲው ፊት አስቀመጠ።

«ቃዲ ሆይ፣ የምትፈልጉት ሰው ሸሪፍ አይደለም። ጡብ ሠሪ ነው፤ የሚስቴ ወንድም። ወረቀቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ማኅተሙም ይኸው።»

ሼሁ ቀና ብለው አዩት። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነበር።

ቃዲው ጡብ ሠሪው ሸሪፍ ተብሎ ሲመዘገብ የተቀመጠውን ወረቀት ከመዝገብ ቤት አስመጣ። ድንጋይዋን በቀለም ነክሮ ከጎኑ አተማትና ሁለቱን አስተያየ። አበባው ገጠመ፣ ፊደሉ ገጠመ፣ ስንጥቋም ገጠመች። ፊቱ ላይ ተስፋ የመሰለ ነገር ብልጭ አለ፤ እሱም ያቺ አሱር እንዳትመጣበት ይጸልይ ነበር። ወዲያው ግን አንገቱን ነቀነቀ።

«መግጠሙ ምን ያስረዳል? እውነተኛውን ማኅተም ከየትም አግኝተህ ይሆናል። ሼሁን ላስፈታ ብሎ እጁን የሚሰጥ ሰው መዋሸት አያቅተውም። የከተማው ሹም ይህንን ነው የሚለኝ።» ከዚያ ወደ ሼሁ ዞረ፤ ድምፁም ተለወጠ። «ሼኻችን፣ እርስዎ በወጣትነትዎ የመዝገብ ጠባቂው አገልጋይ ነበሩ። ያን ማኅተም በዓይኑ ያየ ሰው በከተማው ከእርስዎ በቀር በሕይወት የለም። ይህን ድንጋይ ይዩልኝ። ሐሰት ነው የሚል አንድ ቃል ይስጡኝና አሁኑኑ ወደ ቤትዎ ይሂዱ። እርስዎ አይዋሹም፤ ሹሙም ይህን ያውቃል።»

እጃቸውን ፈቱላቸው። ሼሁ ድንጋይዋን ተቀብለው በቀራጺው ትከሻ ተደግፈው ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ ዓይናቸው ደክሟልና ብርሃን ፈልገው ነው። የወንዙ ድምፅ ሌላውን ሁሉ ዋጠው። ድንጋይዋን በሁለት ጣት ይዘው አገላበጧት፤ አውራ ጣታቸው ከታችኛው ጠርዝ ላይ ቆመ።

«እጅህ ወርቅ ነው፣ ልጄ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይህችን ስንጥቅ ታያታለህ? የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመቴ ነበር። ጌታዬ ማኅተሙን አስቀምጥ ብለው ሰጡኝ፤ ከደረጃ ላይ ጣልኩት። ያን ቀን ያለቀስኩትን ለቅሶ አባቴ ሲሞት አላለቀስኩም።»

ቀራጺው ቀስ በቀስ ገባው። ሼሁ ሃያ ዓመታቸው ከሆነ የዛሬ ሃምሳ ስምንት ዓመት ነው። እሱ ወረቀቱ ላይ የጻፈው ግን ዛሬ ሰባ ሁለት ዓመት የሞላውን ቀን ነው። ድንጋዩ ሳይሰነጠቅ ስንጥቁን አትሟል። የኮራባት ሥራ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አጋልጣዋለች።

«ያውቁ ነበር» አለ። «ወረቀቱን ያመጣ ዕለት አውቀው ነበር።»

«አውቄ ነበር።»

«ሰባት ዓመት! ውሃ ሲያፈሱለት! ሲነሡለት! ለምን አባቴ?»

«የምወዳቸውን ሰዎች ስም ጠርቶ በሬን ላንኳኳ ሰው፣ ምስክር ይዘህ ና ልበለው? ሐሰተኛውን መመለስ ከለመድኩ፣ አንድ ቀን እውነተኛው መጥቶ እመልሰዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ደግሞም ልጁ ርቦት ነበር።»

«እንግዲያው አሁን ይናገሩ! እጄን ይውሰዱት፣ ምን ያደርግልኛል?»

«እሱን እንኳ ለሚስትህ ተውላት» አሉ ሼሁ።

እጃቸውን በፍርግርጉ መካከል አወጡና ጣቶቻቸውን ከፈቱ። ድንጋይዋ ስትወድቅ ድምፅ እንኳ አልተሰማም። ቡናማው ጎርፍ እንደነበረ ይሄዳል።

ቃዲው ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። «ጣሉት?»

«ጣልኩት። እጄ ድሮም ማኅተም አይበረክትላትም።»

«ሆን ብለው ነው?»

«ሆን ብዬ ነው።»

«ታዲያ ይናገሩ! ሐሰት ነው ወይስ እውነት? በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አንድ ቃል!» ቃዲው ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

«ልጄ» አሉት ሼሁ፣ ድሮ ሲያስቀሩት ይሉት እንደነበረው፣ «ለዚያ ሰው ሰባት ዓመት ተነሥቼለታለሁ። ዛሬ ቁጭ በል አትበለኝ።»

ቀራጺው ጮኸ። «እኔ ነኝ የሠራሁት! ወላሂ እኔ ነኝ! ሥራ ቤቴን ፈትሹ፣ ሚስቴን ጠይቁ!» ቃዲው ግን አላየውም። ማስረጃ የሌለው ኑዛዜ ይዞ ሹሙ ፊት መቆም የሚችል ሰው አልነበረም። «ይህን በሐዘን ያበደ ሰው አስወጡልኝ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሁለት ዘበኞች ብብቱን ይዘው ደጅ ወረወሩት።

አሱር ደረሰ። ቀራጺው ከችሎቱ ግንብ ውጭ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሚስቱም መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። ከግንቡ ውስጥ ጅራፉ ይሰማል። ከእያንዳንዱ ጅራፍ በኋላ ደግሞ የሼሁ ድምፅ ይሰማል፤ በነቢዩና በቤተሰባቸው ላይ ሰላምታ ይልካሉ። መጀመሪያ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ከዚያ አነሰ። ከዚያ ሚስቱ ጆሮዋን ወደ ግንቡ አስጠጋች። በመጨረሻ ጅራፉ ብቻ ይሰማ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በካፊያ ቀበሯቸው። መቃብሩ ኮረብታው ላይ ነው፤ ወታደሮች ከበሩ ግራና ቀኝ ቆመው የሚገባውን ሰው ሁሉ ፊቱን ያያሉ፤ ሸሪፉ ሳይመጣ አይቀርም ብለው ነው። ነካሪዎቹ እጃቸው እስከ ክርናቸው ሰማያዊ እንደሆነ መጥተዋል። ጀናዛው ከተሰገደበት በኋላ ሰዉ በጉድጓዱ ዙሪያ ቁጢጥ አለ፤ ታላቁ ተማሪ የሼሁን ኑዛዜ ከደረቱ አወጣ። አንድ መሥመር ነው።

«ከተገኘ፣ ወደ ጉድጓዴ የሚያወርደኝ ከነቢዩ ቤት የሆነ ሰው ይሁን።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። በከተማው አንድም ሸሪፍ አልቀረም። ታላቁ ተማሪ «እንግዲህ ካልተገኘ...» ብሎ ሲጀምር ከኋላ ሰው እየተገፋ መንገድ ተከፈተ። ጡብ ሠሪው ነበር። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ሌሊቱን የተጓዘ መሆኑ ያስታውቃል። ፊቱን አልሸፈነም፤ በበሩ በኩል ነው የገባው። ወታደሮቹ ከኋላው ተከትለው መጥተው፣ ሰዉን ሲያዩ ራቅ ብለው ቆሙ። የቀራጺው ሚስት ከሴቶቹ መካከል አፏን በመዳፏ ያዘች።

መጥቶ ከቀራጺው አጠገብ ተንበረከከ።

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አለው ቀራጺው በጥርሱ መካከል። «የሞቱት እኮ አንተ እንድትድን ነው!»

«መንገድ ላይ ከነጋዴዎች ሰማሁ። ልጆቹ ወንዙን ተሻግረዋል፤ ሼሁ ወደ እነሱ የላኩን ሰዎች ዘንድ ናቸው። እነሱ ድነዋል።» «ሰባት ዓመት በስማቸው በላሁ፣ ጋሼ። አንድ ቀን እንኳ በስማቸው ልታሰር።»

ከዚያ በነጭ ከፈን የተጠቀለለውን ገላ አየ፤ ጉድጓዱን አየ፤ ወኔው ከዳው።

«እዚያ ግን መውረድ አልችልም» አለ። «መታሰሩን እችላለሁ። ይህን ግን አልችልም። እኔ ማን እንደሆንኩ አንተ ታውቃለህ። ምን ሆኜ ልውረድ? ምን ብዬ ልንካቸው?»

ሰዉ ሁሉ ወደ እነሱ ያያል። ቀራጺው አፉን ከፈተ። አንድ ቃል ቢናገር ይህን ሰው ምናልባት ከሰንሰለት ያወጣው ነበር፤ ምናልባትም ማንም አያምነው። ከዚያ ግን መስኮቱ ጋ የተከፈቱት ጣቶች ትዝ አሉት። ያ ሽማግሌ ሞትን የመረጠው ይህ ስም ከዚህ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ነው። እሱ አሁን አንሥቶ ይጣለው?

ጉልበቱን ጨብጦ ከጭቃው ተነሣ። ሼሁ እንደሚያደርጉት፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። እሱ ሲቆም ሰዉ ሁሉ አንድ በአንድ ቆመ።

«ውረድ፣ ሸሪፍ» አለ።

ጡብ ሠሪው ወረደ። ገላውን በሁለት ክንዱ ተቀበለ፤ ቀስ ብሎ በቀኝ ጎናቸው ወደ ቂብላ አስተኛቸው፤ እያለቀሰ ስለነበር አፈሩን ከከፈኑ ላይ ሲያራግፍ ይደናበር ነበር። ገላው የተኛበትን ጎድጓዳ የሚዘጋበትን ጡብ ማቀበል ሲጀምሩ ግን ዕንባውን በክንዱ ጠረገ። ይህን ሥራ ያውቀዋል። እያንዳንዱን ጡብ በመዳፉ መዝኖ፣ የጎበጠውን መልሶ፣ የተስተካከለውን መርጦ፣ አንድም ቀዳዳ ሳያስቀር ደረደረ። በሕይወቱ እንደዚያ ያማረ ግድግዳ አልሠራም።

ሲጨርስ ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ። ወታደሮቹ ሰንሰለቱን ይዘው ጉድጓዱ አፍ ድረስ መጥተዋል። ቀራጺው ጎንበስ ብሎ ቀኝ እጁን ዘረጋለትና አወጣው።